የማይታየው መንጋ፦ ኮፔፖዶችን በዓሣ ገንዳ ማላመድና ማቆየት

ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐርቡ የሚወርድ መንገደኛ ከሙቀቱ መጨመር በቀር ብዙ ነገር ላያስተውል ይችላል። ሐርቡ ላይ ጥቂት ቆሞ፣ ክረምት ካቆረው ኩሬ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ ወደ ብርሃን ቢያነሣው ግን፣ ዕድል ከቀናው፣ ነጫጭ ነጥቦች በቁርጥ ቁርጥ ዝላይ ከወዲያ ወዲህ ሲሉ ያያል። አንዳንዶቹ ከጅራታቸው ግራና ቀኝ ሁለት ጥቃቅን ከረጢቶች አንጠልጥለዋል። እነዚህ እንቁላላቸውን የተሸከሙ እናቶች ናቸው።

ፍጥረታቱ ኮፔፖድ ይባላሉ። ስያሜው መቅዘፊያና እግር የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ አካሄዳቸውን ላየ ሰው ትክክለኛነቱ ወዲያው ይገለጥለታል። የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመዶች ናቸው፤ ያደጉት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር አይበልጡም። በጨው አልባ ውሃም ሆነ በባሕር የሚኖሩ እጅግ ብዙ ዝርያዎች አሏቸው፤ በቁጥርም በምድራችን ላይ ካሉት እንስሳት ሁሉ እጅግ ከበዙት መካከል ይመደባሉ።

ዓሣ ለሚያረባ ሰው የእነዚህ ነጥቦች ዋጋ ከፍ ያለ ነው። ከእንቁላል የተፈለፈለ የዓሣ ጫጩት ይዞት የመጣውን አስኳል ከጨረሰ በኋላ በአፉ ልክ የሆነ፣ የሚንቀሳቀስ ምግብ ይፈልጋል። የኮፔፖድ ጫጩት ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ ለዚህ የተሰናዳ ይመስላል። በኮራል ገንዳ ውስጥ የባሕር ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎችም ችግሩን በሌላ መልኩ ያውቁታል። ማንዳሪን የተባለው ባለ ደማቅ ቀለም ዓሣ ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ ላይ ኮፔፖድ ሲለቅም ይውላል፤ ደረቅ መኖ ቢበተንለት ብዙውን ጊዜ ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህም ምግብ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ከስቶ ይሞታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት የቆሮሶ ጫጩቶች በነበሩበት የመስታወት ገንዳ ውስጥ ከኩሬ የተቀዱ ኮፔፖዶችን ሦስት ጠርሙስ ሙሉ ጨምሮ ነበር። በአራተኛው ቀን በማይክሮስኮፕ ሥር አንድም አልተገኘም። ጥፋቱ የውሃው ነው ተብሎ ውሃው ተለወጠ፤ እንደገና ተጨመረ፤ እንደገና ጠፋ። በሦስተኛው ሙከራ ነው በውሃው ላይ ያለው ቅሬታ ከንቱ እንደነበር የታወቀው። ውሃው ደኅና ነበር። ዓሦቹ ከመጠን በላይ ደኅና ነበሩ።

ይህን ስሕተት በትልቁ ለማየት ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው የሐይቅ ሐይቅ መሄድ ይበቃል። መውጫ ወንዝ በሌለው በዚህ ሐይቅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የቆሮሶ ዓሣ ተጨመረ። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት የሐይቁ ውሃ ጥራት መቀነሱንና ዋቅላሚ (አልጌ) መብዛቱን አስፍረው፣ ለውጡን ከዓሣው መምጣት ጋር አያይዘውታል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰውነቱ ገዘፍ ያለውና አዝግሞ የሚዋኘው ዳፍኒያ ለዓሣ ዓይን በቀላሉ ይጋለጣል፤ ዋቅላሚውን ይግጥ የነበረው እርሱ ሲመናመን ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ኮፔፖዶቹ ግን አልጠፉም። ታደሰ ፈታሂና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ሜሶሳይክሎፕስና ቴርሞሳይክሎፕስ የተባሉትን በሐይቁ ውስጥ አግኝቷቸዋል። ከቴርሞሳይክሎፕስ ዝርያዎች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ የኢትዮጵያን ስም የተሸከመ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ መጥቀስ ደስ ያሰኛል።

ኮፔፖድ ዓሣ ሲቀርበው የውሃውን ንቅናቄ በአንቴናው ተረድቶ በቅጽበት ይወነጨፋል። ይህ ችሎታው በሰፊ ሐይቅ ውስጥ ያድነዋል፤ ምክንያቱም ተወንጭፎ የሚደርስበት ሌላ ስፍራ አለ። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን ከአንዱ ዓሣ አፍ የሸሸ ከሌላው አፍ ይገባል። እንግዲህ ኮፔፖድን ለማቆየት የሚሻ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ኮፔፖድ መጨመር ሳይሆን ዓሣ የማይደርስበት መሸሸጊያ ማዘጋጀት ነው። በባሕር ገንዳ ይህ የሚሆነው ከዋናው ገንዳ ጋር በቱቦ የተያያዘ፣ ዓሣ የሌለበት ትንሽ ገንዳ በመትከል ነው። በውስጡ ፍርክስ ድንጋይና ኬቶሞርፋ የተባለው ጸጉር መሰል የባሕር ዋቅላሚ ይቀመጣል። በዋናው ገንዳ ብርሃን ሲጠፋ በዚህኛው መብራት ቢበራ፣ ሌሊት ውሃው ወደ አሲድነት የማዘንበሉ ነገር ይቀንሳል።

ሁለተኛው ነገር ትዕግሥት ነው። ኮፔፖድ ከእንቁላል ከወጣ በኋላ ስድስት የጫጩትነትና አምስት የጎረምሳነት ደረጃዎችን፣ በእያንዳንዱም ቆዳውን እየገፈፈ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚዋለደው። በሞቀ ውሃ ይህ ሁሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስለሆነም ዓሣው ከመግባቱ አስቀድሞ ገንዳው ለብዙ ሳምንታት ለኮፔፖዶቹ ብቻ መተው አለበት። ሲጨመሩም መብራት ጠፍቶ፣ የውሃ ፓምፑ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ፣ ወደ ድንጋዮቹ ሥር ቢፈሱ ይመረጣል።

ለማርቢያ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። አናቱ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጄሪካንና ቀስ ብሎ አረፋ የሚሰጥ የአየር ፓምፕ ይበቃሉ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲለቀው ተከፍቶ አንድ ሁለት ቀን ይደር። ምግቡ በፀሐይ የለማ አረንጓዴ ውሃ ነው፤ እርሱ ከሌለ በውሃ የተበጠበጠ የዳቦ እርሾ በጣም በጥቂቱ ይሰጣል። ጀማሪዎችን የሚያስተው እርሾው ነው። ውሃው ነጭ እስኪሆን ከተጨመረ ባክቴሪያ ተራብቶ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ መንጋውም በአንድ ሌሊት ያልቃል። ለምርት ሲቀዳ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን በሳምንት አንድ ጊዜ በስስ ሻሽ ማጥለል ይቻላል። መንጋው በሳምንት እጥፍ ይሆናል ብለን ብናስብ፣ ከግማሹ በላይ የወሰደ ሰው የሚያርደው እናቶቹን ነው። ለማንኛውም ሁለት ጄሪካን ይኑር፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ዘር ይሆናል።

ማጥለያና መሸፈኛ ጨርቅ ሲመረጥ በሐርቡና በመሰል ቆላማ ስፍራዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየቤቱ የሚገኘው በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ለትንኝ እንደሚገድል ሁሉ ለኮፔፖድም ገዳይ ነው። አጎበሩ ከወባ ለመከላከል በአልጋ ላይ ይቅር። ጄሪካኑ ግን ሳይሸፈን አይደር፤ ትንኝ እንቁላል ትጥልበታለችና። ሜሶሳይክሎፕስ ጥቃቅን የትንኝ እጮችን እንደሚበላ እርግጥ ነው፤ በቬትናም የዴንጊ ትንኝን ለመዋጋት በውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ተጨምሯል። ሆኖም በዚህ ተማምኖ ውሃን ክፍት መተው አይገባም።

መዳብ ሌላው ጠላት ነው። ለዓሣ ጥገኛ ተሕዋስያን ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መዳብ ስላለባቸው ዓሣውን አድነው ኮፔፖዱን ይፈጃሉ። በዚሁ ምክንያት ከቦርከና ውሃ ቀድቶ ማርባት ለሚያስብ ሰው ምክራችን ይቆይ የሚል ነው። ቦርከና ሐርቡ አካባቢ ከመድረሱ በፊት በደሴና በኮምቦልቻ ያልፋል፤ በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ በሚቀበሉ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። የጣሪያ ዝናብ ውሃ ይሻላል።

ከሐርቡ ኩሬ የተቀዳው ኮፔፖድ ለባሕር ገንዳ እንደማይሆን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ የኩሬው ፍጡር በዚያ ውስጥ ወዲያው ይሞታል። ለባሕር የሚሆኑት እንደ ቲስቤና ቲግሪዮፐስ ያሉት ናቸው። ቲግሪዮፐስ በባሕር ዳር አለቶች ላይ በሚቀሩ ትንንሽ ውሃዎች የሚኖር በመሆኑ የጨው መጠን መዋዠቅን ይችላል። ከአፍዴራ የሚመጣውን የገበታ ጨው በውሃ ማሟሟት የባሕር ውሃ አያደርግም፤ ማግኒዥየሙና ካልሲየሙ ይጎድላልና።

ማርቢያው ከመጠጥ ውሃ ፈጽሞ ይራቅ። በአገራችን በተለይ በጋምቤላ የታየው የጊኒ ዎርም በሽታ ወደ ሰው የሚገባው እጩን የተሸከመ ኮፔፖድ ከውሃ ጋር ሲጠጣ ነው። የዳነ ኩሬ ንጹሕ ኩሬ ማለት አይደለም።

መንጋው መጽናቱን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ ባይኖርም ይቻላል። መብራት ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ የእጅ ባትሪ ወደ መስታወቱ ማብራት ነው። ትልልቆቹ ብቻ ከታዩ እየተዋለዱ አይደለም፤ ባለ ከረጢት እናቶችና በጭንቅ የሚታዩ ጫጩቶች በአንድነት ከታዩ ግን ዓሣውን ማስገባት ይቻላል፤ በመጀመሪያ አንድ ብቻ።