ሙዚቃ የሚማሩ ታዳጊዎች ለምን ይዝላሉ?

ዝለት ከተራ ድካም የሚለየው በአንድ ሌሊት እንቅልፍ አለመልቀቁ ነው። ቀኑን ሙሉ ክራር ሲመታ የዋለ ልጅ ጠዋት ሲነሣ ጣቱ ቢያመውም ልቡ መልሶ ወደ ክራሩ ይሄዳል። የዛለው ግን ሳምንት ቢያርፍም መሣሪያውን ከተሰቀለበት ለማውረድ እጁ አይነሣለትም። ይህን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1974 በጽሑፍ የገለጸው በኒውዮርክ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው። በኋላ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ክሪስቲና ማስላክ በሦስት ምልክቶች ለየችው፤ የስሜት መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መራቁና «እኔ ለዚህ አልሆንም» የሚል እምነት። የዓለም ጤና ድርጅት ዝለትን ከሥራ ቦታ ጋር ብቻ የሚያያይዘው ሲሆን፣ በሽታ ብሎም አልመዘገበውም። ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ ለተማሪዎች በተዘጋጀ መጠይቅ ሲለኩት ቆይተዋል።

በሙዚቃ ተማሪ ላይ ምልክቶቹ በቀላሉ ስንፍና ይመስላሉ። ልጁ ከትምህርቱ ይዘገያል፣ ሆዴን አመመኝ ይላል፣ የለመደውን ዜማ ይሳሳታል፣ ስለ ስህተቱም ደንታ ያጣ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ማንም ሳያዝዘው፣ ለራሱ ብሎ የሚጫወትበት ጊዜ ነው። ወላጅና መምህር ይህን እንደ ስንፍና ቆጥረው ልምምዱን ሲጨምሩበት ዝለቱ ይብስበታል።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚኖር ታዳጊ ሙዚቃ የሚማረው በአብዛኛው በትርፍ ሰዓቱ ነው። አንዱ በሰንበት ትምህርት ቤት በገና ይደረድራል፣ ሌላዋ ለመዘምራን ኪቦርድ ትማራለች፣ ሌላው ቅዳሜ ቅዳሜ ከዓለም ባንክ ወይም ከአየር ጤና በታክሲ ወደ መሀል ከተማ ማሠልጠኛ ይሄዳል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት አለ፣ ማታ የቤት ሥራና አስጠኚ አለ። ከሁሉ በላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ያስጨንቃል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ውጤት ባለበት አገር ቤተሰብ ከሙዚቃው ይልቅ ለፈተናው ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ልጁ ግን ሁለቱንም ይሸከማል፤ የሚቀነሰውም ብዙ ጊዜ እንቅልፉ ነው።

እንቅልፍ ሲቀነስ ደግሞ የሚጎዳው ራሱ የሙዚቃ ትምህርቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የማቲው ዎከርና የባልደረቦቹ ጥናት እንዳሳየው፣ በጣት የሚመታ ተከታታይ ቅንብር የተለማመዱ ሰዎች ተኝተው ሲነሡ ምንም ተጨማሪ ልምምድ ሳያደርጉ ፍጥነታቸው በ20 በመቶ ገደማ ጨመረ። ያንኑ ያህል ሰዓት ሳይተኙ የቆዩት ይህን ያህል አልተሻሻሉም። ጣት የተማረውን አእምሮ የሚያጸናው በአብዛኛው ሌሊት ነው ማለት ነው። ታዳጊ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በጉርምስና ዕድሜ እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን አምሽቶ ስለሚመነጭ በጊዜ መተኛት ያቅተዋል፤ ትምህርት ቤቱ ግን በማለዳ ይጠብቀዋል።

ብዙ መለማመድ ብቻውን ጎበዝ ያደርጋል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ለዚህ እምነት ማስረጃ ተደርጎ ደጋግሞ የሚጠቀሰው፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመው ጥናት እንኳ በጥንቃቄ ሲነበብ ሌላ ነገር ይናገራል። በበርሊን የሙዚቃ አካዳሚ የተጠኑት ምርጥ ቫዮሊን ተጫዋቾች ለብቻቸው የሚለማመዱት በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ እሱንም በየመሀሉ እያረፉ። ከሌሎቹ ተማሪዎች የበለጠ ይተኙ ነበር፣ ቀንም ሸለብ ያደርጋቸው ነበር። እነዚህ ለሙያው የቆረጡ ጎልማሶች ናቸው። ከትምህርት ቤት ደክሞ ለሚመጣ የ14 ዓመት ልጅ ይህ ሰዓት እንኳ ይበዛል።

የፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክም ልብ ይሏል። በወጣትነታቸው ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሲማሩ በቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ ቫዮሊንና ፒያኖ እያፈራረቁ፣ ይለማመዱ ነበር። ጤናቸው ታውኮ ወደ አገር ቤት ተመለሱ፤ ምክንያቱ የግብፅ ሙቀት እንደነበር ይነገራል። ለንደን ሄደው እንዳይማሩ በተከለከሉ ጊዜ ደግሞ ምግብ እምቢ ብለው እስከ ሞት አፋፍ ታመሙ፤ ሙዚቃንም ትተው ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ። ከዓመታት በኋላ ወደ ፒያኖ ተመለሱ፤ የመጀመሪያ ሸክላቸውም እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ታተመ። ከሙዚቃ ያራቃቸው የሰዓቱ ብዛት ሳይሆን፣ በገዛ ሕይወታቸው ላይ ሌላ ሰው መወሰኑ ነበር።

የሥነ ልቦና ጥናትም በዚሁ ነጥብ ላይ ይበረታል። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን እንደሚያስረዱት ሰው አንድን ነገር በፍላጎት ለመቀጠል ሦስት ነገር ይሻል፤ የራስ ምርጫ፣ እችላለሁ የሚል ስሜትና የሰው ቅርበት። ጋሪ ማክፈርሰንና ባልደረቦቹ በአውስትራሊያ ሙዚቃ የጀመሩ ከ150 በላይ ልጆችን ለዓመታት ሲከታተሉ፣ መሣሪያቸውን ባቆሙበት ወቅት እነዚህ ሦስቱ ጎድለውባቸው እንደነበር አግኝተዋል። በእኛ አገር ደግሞ ተጨማሪ ሸክም አለ። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው የቆየ ንቀት ከየቤቱ ገና ጨርሶ አልወጣም፤ ተደብቆ የሚለማመድ ልጅ ሲደክመው የሚያጽናናው ሰው የለም።

ጽናትን ለማስተማር ሁልጊዜ የሚነገረው የቅዱስ ያሬድ ትውፊት ነው፤ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉን የወጣችው ትል። የትውፊቱ መጀመሪያ ግን ይዘለላል። ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ መምህሩም አጎቱም በሆነው በጌዴዎን ተገርፎ የሸሸ ብላቴና ነበር። ትሏን ያየው ከዛፍ ጥላ ሥር አርፎ ሳለ ነው፤ ለመመለስ የወሰነውም ራሱ ነው። የዝለት መንስኤውም መድኃኒቱም እዚያው ትውፊት ውስጥ አለ።

ታዋቂው የበገና መምህር ዓለሙ አጋ በገና የጀመረው በ12 ዓመቱ፣ የበገና ሊቁ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በጎረቤት ሲሰፍሩ ተማርኮ ነው። ማንም አላስገደደውም፣ የሚወደው ሰውም አጠገቡ ነበር። ኮልፌ ላይ ያለ መምህር ይህን በትንሽ በትንሹ ሊያደርገው ይችላል። ከአራቱ የአገራችን ሙዚቃ ቅኝቶች የትኛውን ቀድሞ እንደሚማር ልጁ ይምረጥ፤ ከሚሰጡት ሦስት ዜማዎች አንዱ የሚወደው ይሁን፤ ልምምዱ በግማሽ ሰዓት እየተከፈለ በየመሀሉ ይረፍ፤ በሳምንት አንድ ቀን መሣሪያው አይነካ። ከጓደኞች ጋር አብሮ መጫወትም ለብቻ ከሚደረግ ልምምድ ሊያንስ አይገባም። በፈተና ሰሞን መምህሩና ቤተሰቡ ተነጋግረው ሙዚቃውን ማቅለል እንጂ ልጁ በድብቅ እንዲያቆም መተው አያዋጣም።

የእጅ አንጓ ወይም የትከሻ ሕመም ከታየ ልምምዱን ማቆም ያስፈልጋል፤ እያመመ የሚደረግ ልምምድ ጉዳቱን ያጸናዋል። ልጁ ከሙዚቃው አልፎ ጨዋታውም፣ ጓደኛውም፣ ምግቡም ካስጠላው፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ነገሩ ከዝለት ወደ ድብርት ሳያልፍ አልቀረም። ያን ጊዜ ከመሣሪያ መምህር ይልቅ እንደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ባሉ ተቋማት የሚሠሩ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ሊያዩት ይገባል።