መጀመሪያ የገባው ዓሣ ባለይዞታ ነው

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፍርድ ቤትም ስለ ኑሮ ውድነትም አይደለም፤ ስለ ዓሣ ነው። “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” እንዳትሉኝ አደራ። ነገሩ ለወሬ ያህል ቀልድ ቢመስልም የቤተሰብ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ የወራት ድካም የጠፋበትና ነፍስ ያለፈበት ጉዳይ ነው። በዚያ ላይ ከብዙ ዓመታት በፊት ከተማርኩት የንብረት ሕግ ጋር ዝምድና አለው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ሜሪላንድ ሄጄ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥን ይቀመጥበታል ብዬ በገመትኩት ቦታ 800 ሊትር ያህል የጨው ውኃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ቆሟል። የውኃው ክብደት ብቻ ስምንት ኩንታል ነው። በውስጡ አለት ተደርድሯል፤ አለቱ ላይ ሕይወት ያላቸው ኮራሎች በቅለዋል፤ በመካከላቸው ደግሞ ጅራቱ ቢጫ የሆነ ወይን ጠጅ ዓሣ ይንጎራደዳል። ፐርፕል ታንግ ይሉታል።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ የቀይ ባሕር ዓሣ ነው” አለኝ ኮራ ብሎ። እውነቱን ነው፤ ይህ ዓሣ በዋነኝነት የሚገኘው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። እኛ ቀይ ባሕር ሲነሳ የሚቀናን ስለ ወደብ መከራከር ስለሆነ ከውኃው ሥር ማን እንደሚኖር ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘንም።

በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጁ ገንዳው ፊት ለፊት ተክዞ ቆሞ አገኘሁት። ከሁለት ቀን በፊት ገዝቶ ያስገባው ቢጫ ታንግ ክንፉ ተቦጫጭቆ፣ ጎኑ ተሸነታትሮ ሞቷል። የታንግ ወገን የሆኑ ዓሦች በጅራታቸው ግርጌ፣ በግራና በቀኝ፣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ እሾህ አላቸው። ወይን ጠጁ ይህንኑ መሣሪያውን ተጠቅሞበታል። በዚህ ዓይነት ሲገደል ሁለተኛው ነው። ሻጩ ግን “ይስማማሉ” ብሎት ነበር።

“የሕግ ሰው አይደሉ ጋሼ? እስቲ ይፍረዱ!” አለኝ።

ለመፍረድ መዝገቡን መመርመር ያስፈልጋልና የቀሩኝን ሳምንታት ስለ ዓሣ ሳነብና ልጁን ስጠይቅ ከረምኩ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ጥፋቱ የዓሣው ክፉ ጠባይ አይደለም። ባሕር ውስጥ የተሸነፈ ዓሣ ይሸሻል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። እዚህ ግን ሽሽቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ላይ ከመስታወት ጋር ይጋጫል። በዚያ ላይ የኮራል ገንዳ እንደ ተራ ገንዳ አይደለም። ዓሣው አለቱ ሥር ከተወሸቀ አለቱን ሳያፈርሱ አይያዝም። ቢታመምም ብዙ ጊዜ ለሕክምና የሚውለው የመዳብ መድኃኒት ኮራሉንና ሽሪምፑን ስለሚገድል እዚያው ውስጥ አይታከምም። በአጭሩ የኮራል ገንዳ ይግባኝ የለውም። ፍርዱ የሚሰጠው ዓሣው ከመገዛቱ በፊት ነው።

እንግዲህ ከመግዛት በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው አፉ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። አንበሳ ዓሣ የሚሉት ባለ መርዛም እሾህ ውብ ፍጥረት ከማንም ጋር አይጣላም፤ ነገር ግን አፉ የሚችለውን ሁሉ ይውጣል። ከእርሱ ጋር ትንንሽ ዓሦችን ማኖር ድመትና አይጥን በአንድ ጎጆ እንደማኖር ነው።

ሁለተኛው ኮራሉን ይበላል ወይ የሚለው ነው። ቢራቢሮ ዓሦች ለዓይን ያሳሳሉ፤ ብዙዎቹ ግን ኮራል ለቃሚዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹማ ከዚያ ሌላ ምግብ አያውቁም። ትሪገርፊሽ ከሚባሉት ብዙዎቹ ደግሞ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን ሰባብረው ይበላሉ። እንዲህ ያሉትን ማስገባት የገንዳውን ባለቤት ቤቱን ለሚያፈርስ ተከራይ አከራየ ያሰኘዋል።

ሦስተኛው ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል የሚለው ነው። ልጆቻችን “ዶሪ” እያሉ የሚያውቁት ሰማያዊ ታንግ ሱቅ ውስጥ የጣት ያህል ሆኖ ይሸጣል፤ አድጎ ግን እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ የሚውልም ነው። የሚገዛው ሰው የሚያየው የዛሬውን ቁመት ነው። ዓሣው ያድጋል፤ ገንዳው ግን አያድግም።

አራተኛው ምን ይበላል፣ ምግቡስ አለ ወይ የሚል ነው። ማንዳሪን የሚባለው ዓሣ ጭምት ነው፤ ማንንም አይነካም። ነገር ግን የሚኖረው በአለቱ ላይ የሚርመሰመሱትን ደቃቅ ነፍሳት ቀኑን ሙሉ እየለቀመ ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ገና በበቂ ስላልተራቡ፣ ዓሣው ማንም ሳይነካው በረሃብ ያልቃል። ተስማምቶ መኖር ማለት አለመጣላት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አምስተኛው የልጁን ቤት ያመሰው ነው፤ ማን ይመሳሰላል፣ ማንስ ቀደመ የሚል። ዓሣ አጥብቆ የሚጠላው ጨርሶ የማይመስለውን ሳይሆን የሚመስለውን ነው፤ ምክንያቱም የሚመስለው ምግቡንና መጠለያውን የሚሻማው ነው። ወይን ጠጁና ቢጫው ታንግ ቀለማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ ወገን ናቸው፤ ቅርጻቸው አንድ፣ የሚግጡትም አልጌ አንድ ነው። ወይን ጠጁ ደግሞ ብቻውን ገብቶ ስምንት ወር ኖሯል። በእርሱ ዘንድ ገንዳው በሙሉ ይዞታው ነው። ቢጫው ሲመጣ እንግዳ ሳይሆን ሁከት ፈጣሪ ሆኖ ታየው። በሕግ ቋንቋ ካወራን፣ የእህቴ ልጅ የሌላ ሰው ይዞታ ላይ ሁለት ጊዜ ካርታ ሰጥቷል።

ስለዚህ ደንቡ፣ ጭምቶቹ ይቅደሙ፣ ጉልበተኛው መጨረሻ ይግባ ነው። ሁለት ታንግ የግድ ካስፈለገ ከተለያየ ወገን፣ በመጠን የሚበላለጡና በአንድ ቀን የሚገቡ ቢሆኑ ይሻላል። “ኔሞ” ተብሎ የታወቀው ክላውንፊሽም ቢሆን አንድ ጥንድ ይበቃል። እነዚህ ዓሦች ሲፈለፈሉ ሴት የለባቸውም፤ ከመካከላቸው ትልቁና ኃይለኛው ወደ ሴትነት ይለወጥና የቤቱ እመቤት ይሆናል። ሁለት እመቤት ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር ትዕግሥት ይጨመር። ገንዳ ውኃ ስለሞላ ብቻ ዓሣ አይቀበልም። የዓሣውን ቆሻሻ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያም እያንዳንዱ አዲስ ዓሣ በኮሮና ዘመን በለመድናት ለይቶ ማቆያ፣ በሌላ ትንሽ ገንዳ ውስጥ፣ ጥቂት ሳምንታት ይቆያል፤ በሽታ ካለበት እዚያው ይታከማል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዓሣው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄም የምርጫው አካል ነው። ባንጋይ ካርዲናል የሚባለው ጥቁርና ነጭ ዓሣ በተፈጥሮ መኖሪያው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሉ ጥቂት ደሴቶች ዙሪያ ብቻ ነው። ለጌጥ ብዙ ከመጠመዱ የተነሳ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2007 እ.ኤ.አ. የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ሐዋይ ውስጥ ደግሞ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ለገንዳ የሚሆኑ ዓሦችን ለማጥመድ የሚሰጠው ፈቃድ በአካባቢ ጥበቃ ሕጉ መሠረት መመርመር አለበት ሲል ወስኗል። ቢጫው ታንግ በብዛት ይጠመድ የነበረው እዚያው ነው። ደስ የሚለው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የሐዋይ ተመራማሪዎች ቢጫ ታንግን በገንዳ ውስጥ አርብተው ማሳደግ ችለዋል። ባንጋዩም ክላውንፊሹም ሰው እያረባቸው ይሸጣሉ። ከባሕር ያልተነጠቀ ዓሣ መግዛት ሲቻል የተነጠቀውን መምረጥ፣ እንደኔ እንደኔ፣ ለኅሊና ይከብዳል።

ወደ ፍርዱ እንመለስ። እኔ ወይን ጠጁን ነጻ አወጣሁትና ጥፋቱን በእህቴ ልጅ ላይ አደረግሁ። ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ውኃውን ወደ በርሜል ስንቀዳ፣ አለቱን አንድ በአንድ ስናወጣ ዋልን። ወይን ጠጁ የተያዘው ወደ ማታ ነው። ትልቅ ገንዳ ያለው ጓደኛው በአደራ ወሰደለት። አለቱም እንደገና ሲደረደር ሆን ተብሎ ቅርጹ ተለወጠ፤ የድሮው ካርታ እንዲመክን ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጁ በየወሩ ትንሽ በትንሽ አስገባ። በመጀመሪያ ሰው ያረባቸው አንድ ጥንድ ባንጋይ፣ ቀጥሎ ከሽሪምፕ ጋር በአንድ ጉድጓድ የሚኖር ትንሽ ጎቢ፣ ከዚያ አንድ ጥንድ ክላውንፊሽ ገቡ። ወይን ጠጁ በመጨረሻ፣ እንደ እንግዳ፣ ተመለሰ።

ባለፈው ሰሞን ደውሎልኝ ነበር። “ሁለት ቀን ያህል አኮረፈ፤ ከዚያ ለመደ። ሰላም ነው ጋሼ” አለኝ።

“ቢጫውስ? አሁንም ያምርሃል?” አልኩት።

“ሱቅ ሄጄ አይቼው እመለሳለሁ” አለኝ።

ይግባኝ የማይባልበት ፍርድ ማለት ይኼ ነው።