ቤት አልባነት ምንድን ነው? ማንንስ ይመለከታል?

«ቤት አልባ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በከተማ በረንዳ የሚያድረውን ሰው ነው። ይህ አመለካከት የችግሩን ጫፍ እንጂ ሥሩን አያሳይም። ለዋግ ገበሬ ቤት ማለት የድንጋይ ግድግዳና ጣራ ብቻ ሳይሆን ማሳው፣ በሬው፣ የዘር እህሉና በክፉ ቀን የሚደርስለት ጎረቤቱ ጭምር ነው። ከእነዚህ የተነጠለ ሰው መጠለያ ቢያገኝም ቤት አልባ ነው።

ለዚህም ታሪክ ምስክር ነው። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎና ከሌሎች የሰሜን አካባቢዎች ከ500 ሺህ በላይ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሰፈራ ተጓጓዘ። ያለ ፈቃዱ የተወሰደ፣ ከቤተሰቡ የተለያየም ብዙ ነበር። ጎጆ ተሰጥቶት እያለ ጥሎ ወደ ቀዬው የተመለሰው ሰው ጎጆና ቤት አንድ አለመሆናቸውን አስተምሮናል።

በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነትም በ2014 ዓ.ም. የአበርገሌንና የፃግብጂን ገበሬዎች አፈናቅሎ በሰቆጣና በአካባቢዋ መጠለያዎች አኖራቸው። እነዚህ ሰዎች አርሰው፣ ፍየል አርብተው ያድሩ የነበሩ እንጂ ሥራ ጠል አልነበሩም። እንግዲህ ቤት አልባነት የስንፍና ሳይሆን የድርቅ፣ የጦርነትና የድህነት ውጤት ነው። ክንዱም አስቀድሞ የሚያርፈው በእናቶች፣ በሕፃናትና በአረጋውያን ላይ ነው።

ስለሆነም የነዋሪዎች ማኅበር አባላትና ሠራተኞች አንድ ነገር ልንገነዘብ ይገባል። የቀበሌ መዝገብ በቤት ቁጥር ብቻ ከተመራ፣ ቁጥር የሌለው ሰው ከመታወቂያም፣ ከሥራም፣ ከዕርዳታም ውጭ ይቀራል። ተፈናቃዩን «የት ታድራለህ?» ብቻ ሳይሆን «ከምን ተነጠልክ?» ብለን ጠይቀን እንመዝግበው፤ የመፍትሔው መነሻ ይህ ነው።