ከዋንጫ ወደ መፍረስ፦ የሚንስኩ "ኤም ቲ ዜድ-ሪፖ" እግር ኳስ ክለብ

እ.ኤ.አ የ2012 የቤላሩስ ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው በ12 ሳይሆን በ11 ክለቦች ነበር። የጎደለው ክለብ ፓርቲዛን ሚንስክ ሲሆን፣ ከጥቂት ወራት በፊት በማጣሪያ ጨዋታ አሸንፎ ወደ ከፍተኛው ሊግ የመመለስ መብቱን በሜዳ ላይ አረጋግጦ ነበር። ሆኖም የውድድር ዘመኑን ወጪ የሚሸፍንለት አካል ባለማግኘቱ መብቱን ሳይጠቀምበት ቀርቷል።

ክለቡ ይበልጥ የሚታወቀው "ኤም ቲ ዜድ-ሪፖ" በተሰኘው የቀድሞ ስሙ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ በ2002 ሁለት የሚንስክ ቡድኖች ተዋህደው ሲሆን፣ አንደኛው የሚንስክ ትራክተር ፋብሪካ ቡድን የነበረው "ትራክተር" ነው። "ኤም ቲ ዜድ" የፋብሪካው ምህጻረ ቃል ሲሆን፣ "ሪፖ" ደግሞ የሪፐብሊኩ የሙያ ትምህርት ኢንስቲትዩት መጠሪያ ነው። "ቤላሩስ" የሚል ስያሜ ያላቸው የፋብሪካው ትራክተሮች በኢትዮጵያም እንግዳ አይደሉም።

አዲሱ ቡድን እ.ኤ.አ በ2004 ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ገባ። በዚያው ጊዜ ገደማ የሊቱዌኒያው ባለሀብት ቭላድሚር ሮማኖቭ በክለቡ ላይ መዋዕለ ንዋያቸውን ማፍሰስ ጀመሩ። የ"ኡኪዮ ባንካስ" ባንክ ዋና ባለድርሻ የሆኑት እኚሁ ባለሀብት የሊቱዌኒያውን ካውናስና የስኮትላንዱን ሃርትስ ክለቦችም በእጃቸው አስገብተው ነበር።

ውጤቱም ፈጥኖ ታየ። ባቴ ቦሪሶቭን ለሁለት የሊግ ሻምፒዮናዎች ያበቁት አሠልጣኝ ዩሪ ፑንቱስ እ.ኤ.አ በ2005 ቡድኑን ተረከቡ። በዚያው ዓመት በተካሄደው የቤላሩስ ዋንጫ ፍጻሜም የቀድሞ ክለባቸውን 2 ለ 1 ረቱ። ቡድኑ ሊጉን በ3ኛ ደረጃ ያጠናቀቀ ሲሆን፣ በዩኤፋ ዋንጫ ማጣሪያ ደግሞ ስመ ጥሩውን የሃንጋሪ ክለብ ፈረንስቫሮስን በደርሶ መልስ ጨዋታ በድምሩ 3 ለ 2 አሸንፎ አሰናብቷል። በተከታዩ ዙር በቼክ ሪፐብሊኩ ቴፕሊትሴ ቢሸነፍም፣ ለሦስት ዓመት ክለብ ይህ ቀላል ውጤት አልነበረም። እ.ኤ.አ በ2008 የአገሪቱን ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ፤ በሊጉም ዳግም 3ኛ ሆነ።

ክለቡ ከሌሎቹ የሚለየው በገቢ ምንጩ ነው። በቤላሩስ የአብዛኞቹ ክለቦች ወጪ የሚሸፈነው በመንግሥት ድርጅቶችና በአካባቢ አስተዳደሮች ነው። ለምሳሌ ሻክትዮር ሶሊጎርስክ ለረጅም ዓመታት የቆየው በፖታሽ አምራቹ "ቤላሩስካሊ" ድጋፍ ነው። የኤም ቲ ዜድ-ሪፖ ማሊያ የመንግሥት ፋብሪካ ስም ቢይዝም፣ ደመወዙ ግን በአንድ ግለሰብ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከጨዋታ መግቢያ የሚገኘው ገቢ ይህን ወጪ የሚተካ አልነበረም፤ በአገሪቱ ሊግ ለየትኛውም ክለብ ቢሆን የሚተካ አይደለም።

ክለቡ እ.ኤ.አ በ2010 የፋብሪካውንና የኢንስቲትዩቱን ስም ትቶ "ፓርቲዛን" ተባለ። በአዲሱ ስም የመጀመሪያ ዓመቱ የሊጉ መጨረሻ ሆኖ ወረደ። እ.ኤ.አ በ2011 ተፋልሞ ቢመለስም፣ የባለሀብቱ ገንዘብ በመቋረጡ ቦታው ባዶ ቀረ። ተጫዋቾቹም ተበተኑ።

የችግሩ ምንጭ ከሚንስክ ውጭ መሆኑ ዘግይቶ ግልጽ ሆነ። የሊቱዌኒያ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ በየካቲት 2013 የ"ኡኪዮ ባንካስ"ን ሥራ አገደ፤ ባንኩም ለኪሳራ ተዳረገ። ሃርትስ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ዕዳውን መክፈል ተስኖት በፍርድ ቤት በተሾመ አስተዳዳሪ ሥር ወደቀ።

ይሁንና የሁለቱ ክለቦች ዕጣ አንድ አልሆነም። በኤደንብራ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች በየወሩ ገንዘብ የሚያዋጡበት ማኅበር አቋቋሙ። ነጋዴዋ አን በጅ ክለቡን ከዕዳ እንዲወጣ ካስቻሉ በኋላ፣ አብላጫው ድርሻ እ.ኤ.አ በ2021 ለደጋፊዎቹ ማኅበር ተላልፏል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ፣ የራሱ ስታዲየምና የቲኬት ገበያ ያለው ክለብ መሆኑ ረድቶታል።

የሚንስኮቹ ደጋፊዎችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በዘረኝነት ተቃዋሚነታቸው የሚታወቁት እነዚህ ደጋፊዎች ቡድኑን "ፓርቲዛን-ኤም ቲ ዜድ" በሚል ስም በአማተር ደረጃ መልሰው አቋቋሙ። አቅማቸው ግን ከመዋጮ አላለፈም። ቡድኑ እ.ኤ.አ በ2014 በአገሪቱ ሦስተኛ እርከን ሊግ ውስጥ ቢገባም፣ በዚያው ዓመት ፈረሰ።