ጥቂት በተነዳ መኪና ላይ ፍሪሲዮን ያለጊዜው የሚያልቅበት ምክንያት

መኪና ሲገዛም ሆነ ሲሸጥ ነጋዴው አስቀድሞ የሚመለከተው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ነው። ቁጥሩ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ መኪናው ገና ነው ይባላል፤ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ግን አርጅቷል ተብሎ ይፈረዳል። ይህ ፍርድ ለብዙዎቹ የመኪና ክፍሎች በመጠኑ ይሠራ ይሆናል፤ ለፍሪሲዮን ግን አይሠራም። ከ100000 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያገለግል የሚችለው ፍሪሲዮን ገና 20000 ሳይሞላ አልቆ ሲገኝ፣ ባለመኪናው ሻጩን፣ ሻጩ ሾፌሩን፣ ሾፌሩ ደግሞ የመለዋወጫውን ነጋዴ ይወቅሳል። ወቀሳው ወደ ክርክር፣ ክርክሩም ደንበኛን ወደ ማጣት የሚያደርስ በመሆኑ የነገሩን ሥር መርምሮ ማወቅ ለሁሉም ወገን ይበጃል።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። ከዚያ አስቀድሞ የገቡት ባለማርሽ መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ለብዙ ዓመት እንዲያገለግሉ ይፈለጋል። ስለዚህ «ጥቂት የተነዳ» የተባለውን መኪና በውድ ዋጋ የሚገዛ ሰው ቆጣሪው የማይናገረውን ነገር ለይቶ ማወቅ አለበት።

ፍሪሲዮን የሚበላው መቼ ነው?

ፍሪሲዮን የሚባለው መሣሪያ ዋና ክፍሉ በሁለት ወገን ሸራ የለበሰ ዲስክ ነው። ይህም ዲስክ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ቮላኖና በተጫኝ ሳህን መካከል ይገባል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሳህኑ ዲስኩን ይለቅቀዋል፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ ሞላው ሳህኑን ገፍቶ ዲስኩን ከቮላኖው ጋር ያጣብቀዋል። ሦስቱ አንድ ሆነው በሚዞሩበት ጊዜ መንሸራተት ስለሌለ ሸራው አይበላም። የሚበላው መኪናው ከቆመበት ሲነሣና ማርሽ ሲለወጥ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። እንግዲህ የፍሪሲዮን ዕድሜ የሚለካው በተሄደው መንገድ ርዝመት ሳይሆን፣ በመነሻዎቹ ብዛትና በየመነሻው በሚደርሰው መንሸራተት ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል በመርካቶ ዕቃ የሚያመላልስ መኪና በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ አምስት ጊዜ ቆሞ ይነሣል እንበል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገድ የሚመላለሰው ግን በአሥር ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣ ይሆናል። ሁለቱም 20000 ኪሎ ሜትር በሄዱ ጊዜ የመጀመሪያው 100000 ጊዜ፣ ሁለተኛው 2000 ጊዜ ተነሥተዋል ማለት ነው። ቆጣሪዎቹ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢያሳዩም የፍሪሲዮኖቹ ሥራ በ50 እጥፍ ይለያያል። ለማሠልጠኛ ያገለገለ መኪናም እንደዚሁ ነው፤ ጥቂት መንገድ ሄዶ እጅግ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል።

የመነሻው ሁኔታም እንደ ብዛቱ ያህል ይከብዳል። መኪናው በሜዳ ሲነሣ በሸራው ላይ የሚያድረው ሙቀት በሞተሩ ዙር ካሬ መጠን ይጨምራል። በደቂቃ 1500 ዙር መነሣት ሲችል በ3000 ዙር የሚነሣ ሾፌር በየመነሻው አራት እጥፍ ያህል ሙቀት ይፈጥራል። የመኪናው ክብደት በጭነት ሲጨምር ሙቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። በአንደኛ ማርሽ ፈንታ በሁለተኛ ማርሽ መነሣትም ሙቀቱን ከሁለት እጥፍ በላይ ያደርሰዋል።

የአገሩ አቀማመጥም ለዚህ ጉዳት ይረዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ የተጫነ መኪና በዳገቱ መካከል ቆሞ ሲነሣ፣ ሾፌሩ ሞተሩ እንዳይጠፋበት ነዳጅ አብዝቶ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። ከዚህም የሚብሰው በእጅ ፍሬን ፈንታ መኪናውን በግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ በዳገት መቆም ነው። በዚያን ጊዜ መኪናው አንዲት ክንድ ሳይራመድ ሸራው ይቃጠላል፤ ቆጣሪውም ምንም አይመዘግብም።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የሾፌሩ አይደለም

ይሁን እንጂ ፍሪሲዮን ባለቀ ቁጥር ሾፌሩን መክሰስ አይገባም። የፍሪሲዮኑ ገመድ ከልክ በላይ ከተወጠረ፣ ወይም በፈሳሽ ግፊት የሚሠራው ግፊቱን ጨርሶ ካልለቀቀ፣ ፔዳሉ ማንም ሳይረግጠው እንደ ተረገጠ ይቆያል። ከሞተሩ በስተኋላ ወይም ከካምቢዮው በስተፊት ያለው የዘይት ማገጃ ሲያፈስ ደግሞ ዘይቱ ሸራውን አርሶ ያንሸራትተዋል። እንደ ጂቡቲ ባለ እርጥበታም የባሕር ዳርቻ ለወራት ቆሞ የከረመ መኪናም ቮላኖው ሊዝግና ሸራው ሊጣበቅበት ይችላል፤ የሻከረውም ብረት ሲነሣ ሸራውን ይፍቀዋል።

እውነተኛው ምክንያት የሚታወቀው ካምቢዮው ወርዶ ዕቃው ሲታይ ነው። ምልክቶቹም የሚከተሉት ናቸው፤

1ኛ፤ ሸራው እስከ ሪቬቱ ድረስ እኩል ተበልቶ በቮላኖው ላይ ሰማያዊ የቃጠሎ ነጥብ ከታየ፣ ምክንያቱ ብዙ መንሸራተት ነው።

2ኛ፤ ሸራው ገና ወፍራም ሆኖ በዘይት ከራሰ፣ ጥፋቱ የዘይት ማገጃው ነው።

3ኛ፤ ኩሽኔታውና ኩሽኔታው የሚገፋቸው የሞላው ጣቶች ከልክ በላይ ከተበሉ፣ እግር ሁልጊዜ በፔዳሉ ላይ አርፎ ነበር፤ ወይም ገመዱ ያለልክ ተወጥሯል።

4ኛ፤ ሸራው ሳይሳሳና የቃጠሎ ምልክት ሳይኖር ከዲስኩ ተላቅቆ ወይም የዲስኩ ትንንሽ ሞላዎች ተሰብረው ከተገኙ፣ የዕቃው ጥራት ወይም የአገጣጠሙ ሥራ ሊመረመር ይገባል።

ለሻጭና ለገዢ የሚጠቅም ጥንቃቄ

መኪና የሚገዛ ሰው ከመፈራረሙ በፊት ሰው በማይበዛበት ደረቅና ሜዳማ መንገድ ሊሞክረው ይገባል። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄደ ነዳጅ አብዝቶ ሲሰጥ፣ የሞተሩ ዙር ከፍ ብሎ የመኪናው ፍጥነት ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ይህ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከተሰማ፣ ቆጣሪው የቱንም ያህል ትንሽ ቁጥር ቢያሳይ የማሠሪያው ወጪ ከዋጋው ላይ ሊቀነስ ይገባዋል።

ያለቀውን ዲስክ ብቻ ለውጦ መኪናውን ማስረከብ ርካሽ ቢመስልም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ነው። ካምቢዮውን ለማውረድና ለመስቀል የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ዲስኩ ብቻውን ቢለወጥም፣ ዲስኩ፣ ተጫኝ ሳህኑና ኩሽኔታው አብረው ቢለወጡም ያው ነው። ስለዚህ ሦስቱን በአንድነት መለወጥ፣ ቮላኖውን መመርመርና ዘይት የሚያፈሰውን ማገጃ አብሮ መቀየር ይበልጥ ያተርፋል። ምክንያቱ ሳይወገድ የገባ አዲስ ፍሪሲዮን እንደ ፊተኛው ፈጥኖ ያልቃል፤ በዚያን ጊዜ ስሙ የሚጠፋው የመለዋወጫው ነጋዴ ነው።

የመለዋወጫ አስመጪና ባለሱቅ በበኩሉ ዕቃውን በመኪናው ስም ብቻ መሸጥ አይገባውም። የሻንሲውን ቁጥር ጠይቆ፣ የዲስኩን ስፋት በሚሊ ሜትር ለክቶ፣ የመካከሉን ጥርስ ቆጥሮ ከአሮጌው ጋር ቢያስተያይ ዕቃ ተመላሽ አይበዛበትም። በደረሰኙም ላይ የተሸጠበትን ቀንና የመኪናውን ኪሎ ሜትር ቢጽፍ፣ ገዢውም የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሳይጥል ቢያቆይ፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ ከቃል ይልቅ ዕቃው ራሱ ይመሰክራል። አምራቾች የሚሰጡት ዋስትና ብዙውን ጊዜ በአጠቃቀም ያለቀውን ሸራ የማይጨምርና የዕቃውን ጉድለት ብቻ የሚመለከት በመሆኑ፣ ይህ ማስረጃ የሌለው ሰው የሚገባውን ካሣ እንኳ ሊያጣ ይችላል።

የዕቃ ማመላለሻ መኪና ያለው ነጋዴም ለሾፌሩ ሦስት ነገር ቢያዝዘው ብዙ ወጪ ይድናል። ይኸውም፣ ማርሽ በማይለወጥበት ጊዜ እግሩን ከፔዳሉ እንዲያነሣ፣ መኪና በተጨናነቀበት ስፍራ ማርሹን ፎሌ አድርጎ እንዲቆም፣ በዳገትም ላይ በእጅ ፍሬን እንዲጠቀም ነው። እነዚህን ለመፈጸም ምንም ገንዘብ አያስፈልግም። ቸል ቢባሉ ግን የሚከፈለው የመለዋወጫ ዋጋ፣ የጋራዥ ሒሳብና መኪናው ቆሞ የሚውልበት የሥራ ቀን ነው።