ተለዋጭ ዘይቤና ፍቅር በእንግሊዝ ቅኔ

የእንግሊዝ ባለቅኔዎች ስለ ፍቅር ሲጽፉ ፍቅርን በራሱ ስም ብቻ ጠርተው የሚያበቁት ከስንት አንዴ ነው፤ ወይ እሳት ነው ይላሉ፥ ወይ በሽታ፥ ወይ ጦርነት። ብዙ ተማሪ ይህን እንደ ጌጥ ቈጥሮ በፈተና ላይ «ተለዋጭ ዘይቤ» ብሎ ስሙን ጽፎ ያልፈዋል። ነገር ግን ዘይቤው ሐሳብን የሚመራ ነው። ፍቅርን እሳት ያደረገ ባለቅኔ አፍቃሪውን ተቃጣይ ያደርገዋል፤ ለተቃጠለ ሰው ደግሞ ይታዘንለታል እንጂ ምን አደረግህ ተብሎ አይጠየቅም።

ይህ ልማድ በአብዛኛው የመጣው በ1374 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ከሞተው ከኢጣልያዊው ፔትራርክ ነው፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ቶማስ ዋያት ወደ እንግሊዝኛ አስገባው። ከዚያ ወዲያ ዓይን ኮከብ፥ ጉንጭ ጽጌረዳ እየተባለ ተደጋግሞ ለዛው አለቀ። ሼክስፒርም በ1609 ከታተሙት ሶኔቶቹ በ130ኛው በዚሁ ልማድ ቀልዶበታል።

በ18ኛው ሶኔት ግን ራሱ ወዳጁን ከበጋ ቀን ጋር ያስተያያል። እዚህ ላይ ለእኛ አንድ እንቅፋት አለ፤ የእንግሊዝ በጋ የሚውለው በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፥ በእኛ አገር ያ ወራት በብዙው ስፍራ ዝናብና ጭቃ ነው። በዚያ አገር ግን ብርድና ጭጋግ የሰለቸው ሰው የሚናፍቀው አጭር ወራት ነው። ማጠሩን ካላወቅን ባለቅኔው ወዳጁን ከበጋው የሚያስበልጥበት ምክንያት አይገባንም።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ የጆን ደን ምሳሌ ነው። እርሱ በ1631 ከሞተ በኋላ በ1633 በታተመ አንድ ግጥም ውስጥ፥ የሚለያዩትን ሁለት ወዳጆች ክብ በምንሠራበት በኮምፓስ ሁለት እግሮች ይመስላቸዋል። አንዱ እግር መካከል ላይ ተተክሎ ይቆማል፤ ሌላው ርቆ ይዞራል፤ የቆመውም ወደ ተጓዡ ያዘነብላል፥ ሲመለስ ቀጥ ይላል። ተጓዡ ወደ ተነሣበት የሚመለሰው የቆመው ስለ ጸና ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1779 እንዲህ ያለውን ዘይቤ የማይገናኙ ነገሮችን በግድ ማጣመር ነው ብሎ ነቅፎታል። እኔ ግን አልስማማም፤ እዚህ ወዳጅ ከሩቅ የምትታይ ኮከብ መሆንዋ ቀርቶ የሥራው ተካፋይ ሆናለች።

ሆኖም ምስሉ ሥራውን ሲያካፍል፥ መሄድን ለወንዱ፥ ቆሞ መጠበቅን ለሴቲቱ ሰጥቷል። እርስዋም ስለ መቅረትዋ የተናገረችው አንድ ቃል በግጥሙ ውስጥ የለም።