ቋንቋው የሕዝቡ፣ መዝገበ ቃላቱስ የማን?

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሚኒሶታ ስሟን ያገኘችው ከዳኮታ ቋንቋ ነው፤ «ምኒ» ውሃ ማለት ነው። ዳኮታና ላኮታ፣ እኛ «ቀይ ሕንዶች» እያልን ከምንጠራቸው ነባር ሕዝቦች የአንዱ ቋንቋ ሁለት ዘዬዎች ናቸው። ወዳጁን አንዱ «ኮዳ» ሲል ሌላው «ኮላ» ይላል፤ ይግባባሉ።

ቋንቋው የተዳከመው መጽሐፍ ስላልነበረው ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ሚስዮናዊው ስቴፈን ሪግስ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። ከዚያው ሕዝብ የተወለደችው ኤላ ዴሎሪያ ከፍራንዝ ቦአስ ጋር ያዘጋጀችው ሰዋስው በ1941 ወጣ። እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ግን በ2013 የታተሙትን ሃምሳ ደብዳቤዎች ነው። ከ1862ቱ ጦርነት በኋላ አዮዋ ውስጥ የታሰሩ ዳኮታዎች በገዛ ቋንቋቸው የጻፏቸው ናቸው። ለተመራማሪ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ሳይሆን፣ ዘመዱ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ እስረኛ ቃል ነው።

ቋንቋውን የጎዳው ልጆችን ከወላጅ ነጥሎ፣ በአፍ መፍቻቸው ሲናገሩ የሚቀጣው የአዳሪ ትምህርት ቤት ሥርዓት ነው። ኮንግረሱ እነዚህን ቋንቋዎች የመጠበቅ ሕግ ያወጣው በ1990 ነው፤ ብዙው ጉዳት ከደረሰ በኋላ!

በ2004 የላኮታ ቋንቋ ጥምረት የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። በ2008 ትልቅ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ በ2011 ደግሞ «የበረንስታይን ድቦች» የተሰኘው የልጆች ካርቱን በላኮታ እንዲቀርብ አደረገ። ሥራው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ከአረጋውያን የተቀዳው ቃል የቅጂ መብት ተይዞበት በመጽሐፍ መልክ ለባለቤቶቹ ይሸጣል የሚል ቅሬታ ተነሣ። የስታንዲንግ ሮክ ምክር ቤትም በ2022 ድርጅቱን ከግዛቱ አገደ።

የሕግ ሰው እንደመሆኔ ነገሩ አይገርመኝም። የቅጂ መብት ሕግ የሚጠብቀው ቋንቋን ሳይሆን የተጻፈን ወይም የተቀዳን ሥራ ነው። አያት ተረቱን ትተርካለች፤ ባለመብት ሆኖ የሚገኘው ግን መቅጃውን የያዘውና ውሉን ያረቀቀው ሊሆን ይችላል። ሕጉ ደራሲን ወይም ድርጅትን እንጂ «ማኅበረሰብ» የሚባል ባለመብት አያውቅም። ስለዚህ ድርጅቱ በሕግ ባይረታም የሕዝቡ ቅሬታ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም።

መድኃኒቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ መቅጃው ከመከፈቱ በፊት የሚፈረም ውል ነው። የድምፁ ዋና ቅጂ የት ይቀመጣል? ለማሳተም ማን ይፈቅዳል? ተናጋሪዋ ስትሞት መብቱ ለማን ይተላለፋል? ሦስቱም በላኮታ ጭምር ተጽፈው፣ አረጋዊቷ በሚገባት ቋንቋ ተነበውላት ሊፈረሙ ይገባል።